የአባት ጨረቃ

እኔ ስቆጣ ቀድሜ እጮሃለሁ፤ ምን እንዳስቆጣኝ የማስበው በኋላ ነው። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ያሳደገችኝ ያለ ነገር አልነበረም። ያን ሰኞ ግን ብጮህም የሚፈርድብኝ የለም። ቀኑን ሙሉ የሱሪ ዚፕ ስሰፋ ውዬ፣ ከፋብሪካው አውቶቡስ ወርጄ፣ ያበጠ እግሬን እየጎተትኩ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የልጆቼ አባት ቢረሳው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከቤቴ በራፍ ላይ ቆሟል። አጠገቡ ትልቅ ባዶ ሻንጣ አለ። ልጆቹ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ እሱ ግን እኔ በሌለሁበት አልገባም ብሎ ውሃውን እንኳ ደረጃው ላይ ሆኖ ነው የጠጣው።

ደህና ዋልሽ አለኝና፣ ልጆቹን ልወስድ ነው የመጣሁት አለ። ጁላይ ገና አሥራ ዘጠኝ ነው። ጁላይ የእኔ፣ ኦገስት የእሱ ብለን የተስማማን ሰዎች ነን። ደሜ ፈላ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔና ቢረሳው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንመጣ ወንበሩ በተነሳ አንድ አውሮፕላን ወለል ላይ፣ ልጆቻችንን በመሀላችን አድርገን ተጠጋግተን ነው የመጣነው። ዓመት ሳይሞላን በአንድ ቤት መኖር አቃተን። ማንም ማንንም አልመታም፣ ማንም ሰክሮ አልገባም። እሱ ወንድሞቹ ወዳሉበት ወደ ሰሜን፣ አኮ ከተማ አጠገብ ወዳለው፣ ካራቫን የሚሉት ተገጣጣሚ ቤት ወደተደረደረበት ሰፈር እንሂድ አለ። እኔ ደግሞ ቂርያት ጋት ሥራ አግኝቼ ነበርና አልሄድም አልኩ። አገር ቤት ቢሆን ሚስት ባሏን ተከትላ ትሄዳለች፤ እዚህ ግን ደሞዙ በስሜ ይመጣል፣ የቤቱም ቁልፍ በእጄ ነው። አልተከተልኩም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜም ሳይሆንለት ተነሳ።

ልጆቹ ከእኔ ጋር ቀሩ። ማንአለብሽ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ዕብራይስጥ የምታነብ እሷ ብቻ ስለሆነች የመብራቱንም የሐኪም ቤቱንም የፋብሪካውንም ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት። ድቪር ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህን የዕብራይስጥ ስም ያወጡለት በመጣን ሰሞን ባረፍንበት፣ መርከዝ ቅሊታ በሚሉት የአዲስ መጤዎች ማረፊያ ውስጥ ነው። አባታቸው በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤታችን ሙሉሽ ቤት ስልክ ይደውልላቸዋል። በዚያ ሰዓት እኔ ልብስ አጥባለሁ እንጂ ወደ ስልኩ አልቀርብም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ወር ሙሉ ነው፤ ትልቁ ዕረፍት ይሉታል። አምና እኔ እሱ ይወስዳቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ደግሞ እሷ ትልካቸዋለች ብሎ ጠበቀ። ሁለታችንም ተኮራርፈን ሳንጠያየቅ ዕረፍቱ አለቀ። ልጆቼ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሁለቱን ወር የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አሳለፉት። ድቪር ደረጃውን በአማርኛም በዕብራይስጥም ይቆጥረዋል፤ ሃምሳ አራት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

እንዲያ ዓይነት ነገር እንዳይደገም ዘንድሮ በፋሲካ አባ ደምለው ሁለታችንንም ቤታቸው አስቀመጡን። አባ ደምለው የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከሕንፃችን ጀርባ ይኖራሉ፣ በሰፈሩ ውስጥ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ብዙ ካዳመጡን በኋላ ፍርዳቸውን እንዲህ ብለው ሰጡ፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያለችው ጨረቃ የእናት፣ ቀጥላ የምትወለደው የአባት፣ እንዲያ እያለ በየተራ። እሺ አልን፤ ጉልበታቸውን ስመን ወጣን። ቤት ስገባ ለማንአለብሽ ነገርኳት። ጁላይን በቀይ፣ ኦገስትን በሰማያዊ እስክሪብቶ አስከብቤ የቀን መቁጠሪያውን ማቀዝቀዣው ላይ አስለጠፍኩት። ቀዩ የእኔ፣ ሰማያዊው የአባታቸው። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለኝ።

በጁን ወር ግን ፋብሪካው ለሁላችንም ወረቀት አደለ። ማንአለብሽ ኩሽና ውስጥ ቆማ አነበበችልኝ። ከኦገስት አሥራ አምስት ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሁሉ የዓመት ዕረፍቱን በዚያን ጊዜ ይወስዳል ይላል። ሌላ ጊዜ ልውሰድ ማለት የለም። እኔ በዚህ አገር ሰዓት ጠዋት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቤት ስወጣ ልጆቼ ተኝተው ነው የምተዋቸው። ከሰንበት በቀር ሲነቁ አላያቸውም። ዓመቱን ሙሉ የተመኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ከእነሱ ጋር ተነስቼ፣ ቁርስ አብሬያቸው በልቼ፣ አሽቀሎን ባሕሩ ዳርቻ ወስጃቸው መዋል ነበር። ያ ዕረፍት ደግሞ መጥቶ በሰማያዊው ወር ላይ ወደቀ። እነሱ አኮ፣ እኔ ባዶ ቤት።

እሱን ቀን ቀይርልኝ ብዬ ልለምን? ምን ቆርጦኝ። እሺ አልኳት ልጄን፣ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ማታ የሠራሁት የምስር ወጥ ጨው በዛበት። ልጆቹ ዝም ብለው በሉት፤ ድቪር ብቻ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው ቢረሳው ሻንጣውን ይዞ የመጣው። በስምምነታችን አሥራ ሁለት ቀን ይቀርሃል አልኩት። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዛሬ አገር ቤት ጨረቃ በተወለደች ቁጥር የምናከብረው የጨረቃ በዓል መሆኑን ነገረኝ። አዲሷ ጨረቃ ገብታለች፣ የአባት ተራ ናት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የሙሉሽ በር ተከፈተ፣ የታችኛውም ፎቅ ተከፈተ። ልጆቹ ካይታና እየዋሉ ነው አልኩት፤ ካይታና የሚሉት በዕረፍት ጊዜ ልጆቹን የሚያውሉበት ነው፣ የሚያልቀው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ ማንአለብሽ ወላጆች ሁሉ ባሉበት መዋኛውን አቋርጣ ልትዋኝ ነው፣ ሦስት ሳምንት የለፋችበት ነው፣ አንተ እንዴት ብትደፍር ነው አልኩት። ይህ ነው ድሮም የሚያናድደኝ፤ እኔ ስጮህ እሱ መሬት ያያል።

«እማ፣ ወደ አባ ደምለው ሂዱ» አለች ማንአለብሽ ከበሩ ብቅ ብላ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አባ ደምለው ከሕንፃው ሥር፣ ጥላው ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በዓሉን አስበው ነጭ ለብሰዋል። እኔን አየት አድርገው ነገር እንዳለ ገባቸው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ተቀመጡና አንድ በአንድ ንገሩኝ።»

እኔ ቀደምኩ። ጁላይና ኦገስትን፣ ቀዩንና ሰማያዊውን፣ ካይታናውን፣ መዋኛውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ስለ ፋብሪካው ወረቀት ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቢረሳው ለካ የሚጎድላት ነገር አለ እንዲል አልፈለግሁም። እሱ ተራው ሲደርስ ያለው አጭር ነው፤ አባ ጨረቃ ነው ያሉት፣ እኔም በጨረቃው ነው የመጣሁት አለ።

«እርስዎ ይፍረዱ፣ አባ» አልኳቸው። «ጨረቃ ሲሉ እኮ የሽማግሌ አነጋገር መሰለኝ እንጅ በእውነት ሰማይ ቀና ብለን እንድንቆጥር አልመሰለኝም።»

አባ ደምለው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ሰባ ዓመት የቆጠርኩት በእሷ ነው፣ ልጀ» አሉ። «ሠርጋችሁንም ቀን የቆረጥንላችሁ በእሷ ነው። ይኸን የፋብሪካችሁን ወር ማን አሳየኝና ነው በእሱ የምፈርደው? ጨረቃ ብያለሁ፤ እሺ ብላችኋል።»

እውነት ነው፣ እሺ ብያለሁ፤ ጉልበትም ስሜያለሁ። ከመጣን ወዲህ የጨረቃ በዓልን ትቼዋለሁ፤ ፋብሪካው ለእሱ ቀን አይሰጥም። እኔ ተውኩት ብዬ እሳቸውም የተዉት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አባ ደምለው ወደ ቢረሳው ዞረው መቼ ትመልሳቸዋለህ አሉት። በሚቀጥለው የጨረቃ በዓል፣ ያኔ ተራው ተመልሶ የእናት ነው አለ። ቀጠል አድርጎም፣ ኦገስት አሥራ ስምንት፣ ሮብ አለ።

እኔ ሌላ ጩኸት እያዘጋጀሁ ነበር። አፌን ከፍቼ ልጀምር ስል ቁጥሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አሥራ ስምንት። ነጠላዬ ሥር ጣቶቼን መቁጠር ጀመርኩ። ፋብሪካው አሥራ አምስት ይዘጋል። ልጆቹ አሥራ ስምንት ይመጣሉ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አንድ አሥራ አራት ቀን ነው። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ነው። እኔ ለካ ይህን ያህል የጮህኩት የተመኘሁትን ነገር ላለመቀበል ኖሯል።

አሁን ምን ልሁን? ሕንፃው ሁሉ ሰምቶኛል፣ በአንድ ጊዜ እንዴት ፊቴ ይፈታል? ፊቴን እንዳጠቆርኩ፣ አባ ካሉ መቼም ምን አደርጋለሁ፣ ግን ልጅቱ ሐሙስ ሳትዋኝ ከዚህ አትነቃነቅም አልኩ። ቢረሳው ቶሎ ብሎ እሺ አለ። እስከ ሐሙስ ድረስ የአክስቱ ልጅ ቤት እንደሚያድር ተናገረ። አባ ደምለው መረቁን። እኔ ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ነው የተቀበልኩት፤ ፈገግታዬን እንዳያዩብኝ።

ሐሙስ ከሥራዬ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ አለቃዬን ለምኜ መዋኛው ጋ ደረስኩ። ቢረሳው ከእኔ ቀድሞ መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ በሌላው ጫፍ ተቀመጥኩ፤ ድቪር መሀላችን ገባ። ቢረሳው አገር ቤት ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ አይቷል፤ ሰው ፈቅዶ፣ እየሳቀ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አይቶ አያውቅም። ማንአለብሽ ከወዲያኛው ጠርዝ ዘላ ስትገባ ተነሳ። መሀል ላይ ስትደርስ ራሷ ለአፍታ ውሃው ውስጥ ጠፋ። እሱ ከነሸሚዙ ከነሱሪው ሮጦ ጠርዙ ላይ ደረሰ፤ አንድ እግሩን ከነጫማው ውሃ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን ሊያስከትል ሲል ሸሚዙን ከኋላ ይዤ ጎተትኩት። ተዋት፣ ትወጣለች አልኩት። ወጣች። ጠርዙን በእጇ ነክታ ሁለታችንንም አየችን፣ እኔን፣ ከዚያ የአባቷን ጫማ። በጣም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሸሚዙን እንደያዝኩ መሆኔን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያው አውቶቡስ ጣቢያ ሄድን። ሻንጣውን እኔ ነበርኩ የሞላሁት። የድቪርን ሹራብ በዚያ ሙቀት ከትቼዋለሁ፤ አኮ ባሕሩ አጠገብ ማታ ይበርዳል ይላሉ። የቴል አቪቭ አውቶቡስ ቆሟል፤ ከዚያ ሌላ ይዘው ነው አኮ የሚደርሱት። ድቪር መስኮት ለመያዝ ሮጦ ገባ። ቢረሳው ሻንጣውን ከጫነ በኋላ እርጥብ ጫማው እየተንጨዋጨወ ወደ እኔ መጣ።

«ሮብ ጠዋት ከዚያ እንነሳለን፣ ቀትር ላይ እዚህ ነን» አለኝ። «እሑድ አሥራ አምስት ስለምትዘጉ አንቺም ሦስት ቀን ተኝተሽ ትጠብቂናለሽ።»

ደህና ግቡ ልል ስል ያለውን ልብ አልኩት። ፋብሪካው እሑድ እንደሚዘጋ ለእሱም ለአባ ደምለውም አልነገርኩም። ሙሉሽ እንኳ አታውቅም።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

ጫማውን አየ። ማንአለብሽ ከአጠገባችን ነበረች፤ ድንገት አውቶቡሱ ውስጥ ወንድሟ የጠራት ይመስል ዘላ ገባች።

«ልጅቱ ናታ» አለ። «በስልክ። ወረቀቱን አነበብኩላት፣ እሺ አለች፣ ከዚያ ወጡን በጨው አበላሸችው፣ ሳትቀምሰውም አቀረበችው አለችኝ። ያኔ ገባኝ። አንቺ ወጥ ሳትቀምሽ የምታቀርቢ ሆድሽ ሲከፋ ነው።»

ስምንት ቀን የራቀ ሰው እንኳ ይህን ይረሳል፤ እሱ ዓመት አልፎትም አልረሳም። የምቆጣበት ነገር ፈለግሁ፤ አገኘሁም።

«ታዲያ እንዲያ ብለህ አትነግረኝም? ያን ሁሉ ሕንፃ ፊት የምታስጮኸኝ ለምንድን ነው?»

«ቀን እንቀያየር ብልሽ እምቢ ትይ ነበር።»

አሰብኩት። ምን በወጣኝ፣ የማንንም ውለታ አልፈልግም ብዬ በሩን እዘጋበት ነበር።

«እል ነበር» አልኩት።

ከዚያ የቀረውን ነገረኝ። በፋሲካ ጊዜ እሱም እንደ እኔ ኦገስት መስሎት ነበር፤ ከሚሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ፈቃድ የጠየቀውም ለኦገስት ነው። ልጅቱ የነገረችው ቀን አባ ደምለው ያሉት ቃል ትዝ አለው። ተቀምጦ ጨረቃዋን ቢቆጥራት ልክ ለእኔ ዕረፍት ስትደርስ አየ። ፈቃዱን አብሮት ከሚሠራ አንድ ሩሲያዊ ጋር ተቀያየረ። ቋንቋ ስለማይግባቡ ጣታቸውን እያሳዩ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በኋላም የሽማግሌ ቃል ይዤ ከመጣሁ እንቢ አትለኝም ብሎ መጣ።

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ወደ አውቶቡሱ ዞርኩ። ማንአለብሽ በመስኮቱ እያየችን ነው። እናቷን አሳጣች ልበል ወይስ አዳነች? ተመልሳ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት። ወላጆቹም ለዚህ ሰው ቢረሳው ብለው ስም ሲያወጡለት ተሳስተዋል፤ ምንም አይረሳም። ይህን ሰምታችሁ ግን ታረቁ እንዳትሉኝ። ከእሱ ጋር በአንድ ቤት መኖር ዛሬም አልችልም፤ እሱም ከእኔ ጋር አይችልም። ልጆቼን ግን አምኜ ሰጥቼዋለሁ። አምና ይህን ማለት አልችልም ነበር።

ሹፌሩ ግቡ አለ። ቢረሳው ደረጃው ላይ ወጣ።

«ሮብ ስትመጡ የጨረቃ በዓል አይዶል?» አልኩት። «እንዳገራችን ዳቦ እጋግራለሁ። ቀምሰህ ነው የምትመለስ።»

«እሺ» አለ።

በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ፤ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

«ጨው አላበዛም» አልኩት።